‹‹ልጅ ናት፣ ይተዋታል›› ወይስ ‹‹እርጅና ነው››? ሉፐስ የተባለው ሕመምና የሚጀምርበት ዕድሜ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበ ንግግር ለኅትመት የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።



ከወራት በፊት እዚሁ ዱብቲ ውስጥ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ አባት ጠጋ ብለው አወያዩኝ። የ14 ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። መጀመሪያ ጣቶቿንና ጉልበቷን አመማት። ቀጥሎ ትኩሳት መጣ፤ ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ወሰደች፤ ለጊዜው ተሻላት፤ ኋላ ተመለሰባት። ፀጉሯ ይረግፍ ጀመር፤ አፏ ውስጥ ቆሰለ፤ በሁለቱ ጉንጮቿ ላይ ሽፍታ ወጣ። ጎረቤት ‹‹ዐይን ነው›› አለ። አያቷ ደግሞ ‹‹ልጅ ናት፣ ስታድግ ይተዋታል›› አሉ። ዓመት ሊሞላት ሲል አንድ ጠዋት ፊቷና እግሯ አብጦ ተነሳች። ሽንቷ ሲመረመር ፕሮቲንና ደም ተገኘበት፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልካም ሕመሟ ሉፐስ መሆኑ ታወቀ። መድኃኒት ጀመረች፤ በጥቂት ወራት ውስጥ እብጠቱ ጠፋ፤ ልጅቷም እንደ ድሮዋ መሳቅና መጫወት ጀመረች።

አባትየው ወደ እኔ የመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ጥያቄያቸውም፣ ‹‹እንግዲህ ድናለች፤ መድኃኒቱን ብታቆም ምን አለበት? ዘመድም ለጋብቻ እየጠየቃት ነው። ልጅ ናት፣ ጉልበት አላት›› የሚል ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። በማላውቀው ነገር አፌን ከምከፍት ብዬ ቀጠሮ ጠየቅኋቸው፤ ሐኪሞችን ጠየቅሁ፤ የተጻፈውንም አነበብሁ። ያገኘሁት ነገር የእኚህን አባት ቤት ብቻ የሚመለከት ሆኖ ስላላየሁት ዛሬ ለሁላችሁም ላቀርበው ወደድሁ። በአጭሩ ለመናገር፣ እኛ ዕድሜን ምክንያት አድርገን ሕመምን ችላ እንላለን፤ ልጅ ከሆነች ‹‹ይተዋታል››፣ ሽማግሌ ከሆነ ‹‹እርጅና ነው›› እንላለን። ሐኪሞች ግን ሉፐስ በስንት ዓመት እንደጀመረ የሚጠይቁት ምን ላይ መጠንቀቅ እንዳለባቸው ለማወቅ ነው።

ሉፐስ ምንድን ነው?

አላህ (ሱ.ወ) በሰውነታችን ውስጥ ጠባቂ ሠራዊት አኑሮልናል። ይህ የመከላከል ኃይል ከውጭ የሚገባ ተሕዋስን እየለየ ይዋጋል። በሉፐስ ሕመም ግን ይህ ጠባቂ የቤቱን ሰው ከሌባ መለየት ይሳነውና የገዛ አካሉን መውጋት ይጀምራል። አንዱን ሰው ቆዳውን፣ ሌላውን መገጣጠሚያውን፣ ሦስተኛውን ኩላሊቱን፣ ደሙን፣ የሳንባና የልብ ሽፋኑን ወይም አንጎሉን ይነካዋል። ከአንድ በላይ የሆነ አካል በአንድ ጊዜ ሊያጠቃም ይችላል። ‹‹ሉፐስ›› የሚለው ቃል በላቲን ተኩላ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣው የጥንት ሐኪሞች በፊት ላይ የሚወጣውን ቁስል የአውሬ ንክሻ ስላስመሰሉት ነው ይባላል።

ይህ ሕመም አይተላለፍም። አብሮ በመብላት፣ በመተቃቀፍ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር በመኖር አይጋባም። የሚነሳና የሚተኛ ሕመም ነው፤ ወራትና ዓመታት ተኝቶ ይቆይና በፀሐይ፣ በልክፍት፣ በእርግዝና ወይም መድኃኒት በማቋረጥ ምክንያት ይቀሰቀሳል። ስለሆነም ‹‹ተሻላት›› እና ‹‹ዳነች›› የሚሉት ሁለት ቃላት በሉፐስ ዘንድ አንድ አይደሉም።

በአንድ ወቅት ሉፐስ በአፍሪካ ብርቅ ነው ይባል ነበር። ይሁን እንጂ የአፍሪካ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ሕመሙ ከነጮቹ ይልቅ እንደሚበዛና እንደሚጠነክር በአሜሪካና በአውሮፓ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። በእኛ ዘንድ ብርቅ የመሰለው በአብዛኛው ሳይታወቅ ስለሚያልፍ ነው። ትኩሳቱ ወባ ይመስላል፤ ሳሉና ክሳቱ ቲቢ ይመስላል፤ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ሪህ ይመስላል። ወባም ቲቢም በአዋሽ ሸለቆ በእርግጥ ያሉ ሕመሞች ናቸውና ሐኪሙ አስቀድሞ እነርሱን ማሰቡ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ተገቢው ሕክምና ተሰጥቶ ሕመሙ ደጋግሞ ከተመለሰ ‹‹ሌላ ነገር ይኖር ይሆን?›› ብሎ መጠየቅ የቤተሰብ መብት ነው።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘላኖቹን ምን መለሱላቸው?

በአቡ ዳውድና በቲርሚዚ የተዘገበ፣ ኡሳማ ኢብኑ ሸሪክ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት ሐዲስ አለ። ከበረሃ የመጡ አርብቶ አደር ዐረቦች ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቀርበው መታከም ይገባቸው እንደሆነ ጠየቁ። እሳቸውም እንዲታከሙ አዘዟቸው፤ አላህ መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለም ነገሯቸው፤ ከዚህ የለዩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም እርጅና ነው።

ወገኖቼ፣ ይህን ሐዲስ ልብ በሉት። ጠያቂዎቹ እንደ እኛ በግመልና በፍየል የሚኖሩ የበረሃ ሰዎች ነበሩ። ከመልሱ የተለየውም እርጅና ራሱ እንጂ አዛውንት ላይ የሚደርስ በሽታ አይደለም። አዛውንት ሲታመም ‹‹እርጅና ነው›› ብለን ከቤት ካስቀረነው፣ መድኃኒት ያለውን በሽታ መድኃኒት ከሌለው ጋር ቀላቀልነው ማለት ነው።

አላህም (ሱ.ወ) በሱረቱ አር-ሩም 54ኛው አንቀጽ ላይ የሰውን ልጅ ከድካም እንደፈጠረው፣ ከድካም በኋላ ብርታትን፣ ከብርታትም በኋላ ድካምንና ሽበትን እንዳደረገለት ያስታውሰናል። እኛም ሉፐስን በእነዚሁ ሦስት የዕድሜ ክፍሎች እንመልከተው።

አንደኛ፦ በልጅነት የሚጀምር ሉፐስ

ከ100 የሉፐስ ሕሙማን ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት 18 ዓመት ሳይሞላቸው የሚጀምራቸው ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ለአካለ መጠን በሚደረስበት በ12 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ከ5 ዓመት በታች ግን ብርቅ ነው።

ሰው ሁሉ ልጅ ላይ ሕመም ይቀላል ብሎ ያስባል። በሉፐስ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በልጅነት የጀመረ ሉፐስ በአዋቂነት ከጀመረው ይልቅ ብርቱ ሆኖ ይመጣል። ኩላሊት የሚነካባቸው አዋቂዎች ከ10 ሰው 4 ያህል ሲሆኑ፣ በልጆች ላይ ከግማሽ በላይ ይሆናሉ። የደም ሴሎች መቀነስና የአንጎል መነካትም በልጆች ላይ ይበዛል። በዚህም የተነሳ ልጆች ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ መጠን ያለው ስቴሮይድ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህ መድኃኒት ደግሞ ሲበዛና ሲረዝም የቁመት እድገትን ያዘገያል፣ አጥንትን ያሳሳል። ከዚህ ሌላ በ12 ዓመቷ የታመመችና በ40 ዓመቷ የታመመች እኩል አይደሉም፤ ትንሿ ከሕመሙ ጋር የምትጓዘው መንገድ ሠላሳ ዓመት ያህል ይረዝማል። በየጊዜው የሚቀሰቀሰው ሕመም በአካሏ ላይ ጠባሳ እየተወ ስለሚሄድ ቀድሞ መያዙና ሳያቋርጡ መታከሙ ለእርሷ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ያስፈልጋታል።

በጣም በሕፃንነት፣ ማለትም ከ5 ዓመት በታች ሲጀምር ወይም በአንድ ቤት ወንድምና እህት ላይ ሲደጋገም ሐኪሞች ከእናትና ከአባት የተወረሰ ጉድለት ይኖር እንደሆነ ይመረምራሉ። በደም ውስጥ የሚገኝ ‹‹ሲ1ኪዩ›› የተባለ ፕሮቲን ከውልደት ጀምሮ ሲጎድል ይህ እንደሚደርስ ይታወቃል። እንዲህ ያለው የዘር ጉድለት በቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ በተወለዱ ልጆች ላይ ይበዛል። ይህን ስል የአክስትና የአጎት ልጆች የሚጋቡበትን የአብሱማን ልማድ ለመንቀፍ አይደለም፤ ሸሪዓችን ፈቅዶታል። የፈቀደው ነገር ግን ግዴታ አይደለም። እንዲህ ያለ ሕመም በተደጋገመበት ቤት ጋብቻ ከመታሰሩ በፊት ሐኪም ማማከር አርቆ አሳቢነት ነው። አብዛኛው ሉፐስ ግን እንዲህ በቀጥታ የሚወረስ አይደለምና ማንም እናት ‹‹በእኔ ምክንያት ነው›› ብላ ራሷን አትውቀስ።

በልጅ ላይ ምን እንይ? ከስድስት ሳምንት ያለፈ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም እብጠት፣ ምክንያቱ ያልታወቀና የሚመላለስ ትኩሳት፣ በጉንጭና በአፍንጫ ላይ የሚዘረጋ ሽፍታ፣ የአፍ ቁስል፣ የፀጉር መርገፍ፣ ጠዋት የሚታይ የፊት እብጠት፣ አረፋ የሚበዛበት ሽንት፣ በትምህርቷ ጎበዝ የነበረች ልጅ ባልታወቀ ምክንያት መፍዘዝ። ኩላሊት ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ሕመም አይሰማም፤ ዝም ብሎ ነው የሚጎዳው። እብጠት እስኪመጣ አንጠብቅ። የሽንት ምርመራ በጤና ጣቢያ ሳይቀር የሚሠራ፣ ዋጋውም ቀላል የሆነ ምርመራ ነው። ከላይ የጠቀስኳት ልጅ ሽንቷ ቀደም ብሎ ቢታይ ኖሮ ብዙ ወራት ባተረፈች ነበር።

ሁለተኛ፦ በብርታት ዘመን

ሉፐስ አብዛኛውን ሰው የሚይዘው ከ15 እስከ 45 ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። በዚህ ዘመን ከ10 ሕሙማን 9ኙ ሴቶች ናቸው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከ50 ዓመት በኋላ የሴቶቹ ብልጫ ይቀንሳል፤ ሐኪሞችም የሴት ሆርሞን ድርሻ እንዳለው የሚገምቱት በዚህ ምክንያት ነው። ወንዶችንም ይይዛልና ‹‹የሴቶች በሽታ ነው›› ብሎ መዘናጋት አይገባም።

በዚህ ዕድሜ ትልቁ ጉዳይ ትዳርና ልጅ መውለድ ነው። ሉፐስ ያለባት እህት ማግባትም መውለድም ትችላለች፤ ብዙዎች ወልደዋል። ጉዳዩ ጊዜውን መምረጥ ነው። ሐኪሞች የሚመክሩት ሕመሙ፣ በተለይም የኩላሊቱ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር ጸጥ ካለ በኋላ እንዲረገዝ ነው። ሕመሙ በተቀሰቀሰበት ወቅት ከተረገዘ የደም ግፊት፣ የፅንስ መጨንገፍና ያለቀን መውለድ ይበዛል። አንዳንዷ እናት ደግሞ በደሟ ውስጥ ደም የሚያረጋ ፀረ እንግዳ አካል ስለሚኖር ደጋግሞ ያስወርዳታል። እንዲህ ያለችዋን እህት ‹‹ጂን ነው›› ወይም ‹‹መውለድ አትችልም›› ብሎ ለፍቺ ከመቸኮል በፊት ደሟን ማስመርመር ይገባል፤ ለዚህ የሚሰጥ መድኃኒት አለና።

ከሉፐስ መድኃኒቶች መካከል ማይኮፌኖሌት፣ ሳይክሎፎስፋማይድና ሜቶትሬክሴት የተባሉት ፅንስን ይጎዳሉ፤ ከእርግዝና በፊት በሐኪም ትእዛዝ መቀየር አለባቸው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን በእርግዝናም ጊዜ አይቋረጥም፤ ለእናትም ለፅንሱም ይጠቅማል። በአንዳንድ እናቶች ደም የሚገኝ ‹‹ሮ›› የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ ከ100 ሕፃናት በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ የልብ ምት መዘግየት ያመጣል፤ ይህም በእርግዝና ክትትል የሚታይ ነው።

እርግዝናን እስከ ሐኪሙ ጊዜ ድረስ ማቆየትን በተመለከተ፣ ሰሓቦች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ዐዝል ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ዑለማዎችም ባልና ሚስት ተስማምተው ለጤና ምክንያት እርግዝናን ለጊዜው ማዘግየት እንደሚቻል አስረድተዋል። የትኛው መከላከያ እንደሚስማማት ግን ሐኪሟ ይንገራት፤ ኤስትሮጅን ያለበት ኪኒን ለአንዳንድ የሉፐስ ሕሙማን ደም ሊያረጋ ይችላል።

ሦስተኛ፦ ከሃምሳ በኋላ የሚጀምር ሉፐስ

ከ100 ሕሙማን ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ከ50 ዓመት በኋላ የሚጀምራቸው ናቸው። በእነዚህ ላይ ሕመሙ ቀስ ብሎ፣ ድምፁን አጥፍቶ ይመጣል። የጉንጩ ሽፍታና የኩላሊቱ ጉዳት ይቀንሳል፤ በአንጻሩ የሳንባና የልብ ሽፋን መቆጣትና ውሃ መቋጠር፣ የሳንባ ጉዳት፣ የዓይንና የአፍ መድረቅ ይበዛል። ድካም፣ ክሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ብቻ ይዘው የሚመጡ አሉ። ይህ ሁሉ እርጅና፣ ቲቢ ወይም ሪህ ስለሚመስል ሕመሙ እስኪታወቅ ረዥም ጊዜ ይፈጃል።

እንግዲህ እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የአዛውንቱ ሉፐስ ራሱ ለዘብ ያለ ነው፤ አዛውንቱ ግን በብዙ ይጎዳል። ምክንያቱም ሉፐሱ የሚያገኘው አካል ቀድሞውኑ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም የተሸከመ ነው፤ በዚያ ላይ ስቴሮይዱ ስኳሩንና ግፊቱን ይጨምራል፣ አጥንቱን ያሳሳል፣ ለልክፍት ያጋልጠዋል። ስለዚህ በልጅ ላይ የሚፈራው የበሽታው ብርታት ሲሆን፣ በአዛውንት ላይ ደግሞ መዘግየቱ፣ አብረው ያሉት በሽታዎችና የመድኃኒቱ ጫና ናቸው።

ለአዛውንት ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መድኃኒት የሚያመጣው ሉፐስ አለ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድራላዚንና ለቲቢ የሚሰጠው አይሶናያዚድ ይህን ከሚያመጡት ውስጥ ናቸው፤ መድኃኒቱ ሲቀየር በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይጠፋል። ነገር ግን የቲቢ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ነፍስን ለአደጋ መጣል ነውና ለሐኪሙ ተናግሮ ውሳኔውን ለእርሱ መተው ነው። ሁለተኛ፣ ለሉፐስ የሚደረገው ‹‹ኤ.ኤን.ኤ›› የተባለው የደም ምርመራ በጤነኛም ሰው ላይ፣ በተለይም በዕድሜ በገፉት ላይ፣ ‹‹አለ›› ብሎ ሊወጣ ይችላል። በወረቀት ላይ ያለ አንድ ቃል ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ ከምልክቱ ጋር መመዘን አለበት።

የወባ መድኃኒት ዘመድ

የሉፐስ ሕክምና መሠረት የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን እኛ በወባ አገር የምንኖር ሰዎች የምናውቀው የክሎሮኪን ዘመድ ነው። በእ.ኤ.አ 1951 ፔጅ የተባለ ሐኪም በወባ መድኃኒት የታከሙ የሉፐስ ሕሙማን እንደተሻላቸው ጽፎ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ይህ የመድኃኒት ቤተሰብ በሁሉም ዕድሜ ላሉ ሕሙማን ይሰጣል። የሕመሙን መቀስቀስ ይቀንሳል፤ ዕድሜንም ያረዝማል። በክብደት ተለክቶ የሚሰጥ ሲሆን ለአንድ ኪሎ በቀን ከ5 ሚሊ ግራም ባይበልጥ ይመረጣል፤ ሲጀመርና ከዓመታት በኋላ ደግሞ ዓይን መታየት አለበት። ‹‹የወባ መድኃኒት ነው እኮ፣ ወባ የለብኝም›› ብላችሁ እንዳትተዉት።

ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው በድንገት እንዳያቆም ደግሜ አሳስባለሁ። ሰውነት የራሱን ማምረት ስለሚተው በድንገት ሲቋረጥ ራስን እስከ መሳትና እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም እጅ፣ ቀስ በቀስ ነው። ከመድኃኒት ቤት በራስ ፈቃድ የሚገዛ ዳይክሎፌናክና የመሳሰለው ማስታገሻም የተነካ ኩላሊትን ይጎዳልና ተጠንቀቁ።

ሕክምና ምን ያህል ለውጥ እንዳመጣ ለማወቅ ይህን እናስታውስ። በእ.ኤ.አ 1950ዎቹ ገደማ ከሉፐስ ሕሙማን አምስት ዓመት የሚቆዩት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። ዛሬ ጥሩ ሕክምና ባለበት አገር ከ100ው ከ90 በላይ ይቆያሉ። ኩላሊት ጨርሶ ከደከመ በኋላ ግን ነገሩ ከባድ ነው። እጥበት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ማሽን ዘንድ መቅረብን ይጠይቃል። የኩላሊት ንቅለ ተከላም በአገራችን በ2008 ዓ.ም በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ተጀምሯል። ነገር ግን ከዱብቲ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ለሚጠጋ መንገድ ከብቱን ሸጦ ለሚሄድ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አታጡትም። ቀድሞ የሚወሰድ ኪኒን ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

ዒባዳና ሕመም

ፆምን በተመለከተ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አል-በቀራህ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ለበሽተኛ ፈቅዶለታል፤ ሲሻለው በሌሎች ቀናት ቀዷ ያወጣል። ሕመሙ የማይለቀው ሆኖ መፆም የማይችል ደግሞ ለእያንዳንዱ ቀን ድኻ ያበላል። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ቀድሞውኑ ግዴታ የለባትም። ኩላሊቷ የተነካ ወይም ሕመሟ የተቀሰቀሰባት እህት በዱብቲ ሙቀት ውሃ ተከልክላ መዋሏ ጉዳት ነው፤ ፈቃዱን መቀበል ኢማን ማነስ አይደለም። ሕመሙ ጸጥ ያለለት ሰው ደግሞ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ መድኃኒቱን በሱሑርና በኢፍጣር ሰዓት ማድረግ ይችል ይሆናል።

ሩቅያ ሱንና ነው፤ ዱዓም የሙእሚን መሣሪያ ነው። ነገር ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው አስቀድሞ እንዲያስርና ከዚያ እንዲመካ መክረውታል። ግመል አርቢ የሆነ ሰው ይህን ምክር ከማንም በላይ ያውቀዋል። መድኃኒቱ ማሰሪያው ነው፤ ተወኩሉ ደግሞ ከዚያ ይከተላል።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

የሉፐስ ጠላት ፀሐይ ናት። የእኛ አካባቢ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ነው። ፍየል መጠበቁና ውሃ መቅዳቱ የታመመችው ልጅ ድርሻ ከሆነ፣ የቀትሩን ለወንድሟ ሰጥቶ ለእርሷ የማለዳውን ወይም የቤቱን ሥራ መስጠት ቀላል መድኃኒት ነው። ሰፊ ልብስና ሂጃብ ለቆዳዋ ጥላ ይሆኗታል፤ ሁልጊዜ የተሸፈነች ስለሆነች ደግሞ ስለ ቫይታሚን ዲ ሐኪሟን ትጠይቅ። የአፍዴራ ጨው የአገራችን ሀብት ቢሆንም ኩላሊቷ ለተነካ ሰው ወጡ ላይ ይቀነስ። በቤት ውስጥ ሲጋራ አይጨስ።

ሌላው ጉዳይ ዳጉ ነው። በአፋር ልማድ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳያጓድሉ፣ ሳይጨምሩ፣ በቅደም ተከተል ይነጋገራሉ። ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ግን ‹‹አሞኛል›› ብለን ዝም እንላለን። ወገኖቼ፣ ለሐኪሙ ዳጉ ስጡት። በስንት ዓመቷ ጀመራት? መጀመሪያ ምን ታመመች? ከዚያስ? ምን መድኃኒት ወሰደች? በቤተሰብ ማን ታሟል? እናት ስንት ጊዜ አስወርዷታል? ሉፐስ ተበታትኖ የሚመጣ ሕመም ስለሆነ ሊሰበስበው የሚችለው ይህ ወሬ ነው። የዚህ ዓይነት ሕመም ልዩ ሐኪሞች በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸውና፣ በቅርብ ያለው ሐኪም ጠርጥሮ ወደ እነርሱ እንዲልካችሁ የእናንተ ቃል ይረዳዋል። ከታወቀ በኋላም የደም ግፊቷና ሽንቷ ሐኪሙ በቀጠረው ጊዜ ሁሉ፣ ደህና በሆነችበትም ወር ይታይ።

ለእኚያ አባት የመለስሁት

በቀጠሯችን ቀን ለአባትየው እንዲህ አልኳቸው። ‹‹ልጅ በመሆኗ ይተዋታል ብለዋል፤ እኔ የተረዳሁት ግን ልጅ በመሆኗ ይበልጥ እንደሚያሰጋት ነው። መሻሏ መድኃኒቱ እየሠራ ለመሆኑ ምስክር ነው፤ ለማቆም ማስረጃ አይደለም። ጋብቻውም ይቆይ። ገና ልጅ ናት፤ ትምህርቷን ትቀጥል፤ ሰውነቷም ይጠና። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ለሚጠይቃት ሰው ሕመሟን አትደብቁት፤ ዐይብን ደብቆ መዳር አማና ማጉደል ነው። አውቆ የሚያገባት ሰው ሐኪም ዘንድ አብሯት ይሄዳል፤ ሳያውቅ ያገባት ግን ያባርራታል።››

ዝም ብለው አዳመጡኝና ‹‹ለአያቷ ማን ይነግርልኛል?›› አሉ። አብረን ሄድን። አያቷም ካዳመጡን በኋላ የራሳቸውን ጉልበት እያሳዩ፣ ‹‹እንግዲያ ይህ የእኔስ እርጅና መሆኑን በምን አወቃችሁ?›› ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም፤ ከልጅቷ ጋር በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው እንዲታዩ ተስማማን።

አላህ (ሱ.ወ) የታመሙትን ያሽርልን፤ አስታማሚዎችን ሰብር ይስጥልን፤ ሐኪሞቻችንንም ይርዳልን። ወሏሁ አዕለም።